ወደ ኋላ መንከባለል፦ ማጅራትን ሳይጎዱ

እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ጂምናስቲከኛዋ ኦልጋ ኮርቡት 10 ሴንቲ ሜትር በምትሰፋው የሚዛን አግዳሚ ላይ ወደ ኋላ ተገለበጠች። ጂምናስቲክ የሚጀምር ሰው ልቡ እዚያ ነው። መሬት ላይ ወደ ኋላ ተንከባሎ በእግር መቆም ግን ይቀድማል።

ወደ ኋላ መንከባለል ወደ ፊት ከመንከባለል የሚከብደው መሄጃው ስለማይታይ ብቻ አይደለም። ዳሌ በጭንቅላት ላይ ሲያልፍ ክብደቱን እጅ ካልተቀበለው ማጅራት ይቀበለዋል። ስለዚህ ፍጥነትን ሳይሆን እጅን ያሠልጥኑ። የአንገት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው።

ወፍራም ፍራሽ ያንጥፉ፤ አንገትና የእጅ አንጓ ያሟሙቁ። ከዚያ ቁጢጥ ብለው፣ አገጭዎን ደረትዎ ላይ አጣብቀው፣ ጀርባዎን አጉብጠው እስከ ትከሻ ይንከባለሉና ወደ እግርዎ ይመለሱ። አገጭዎ ሥር የታጠፈ ካልሲ ይያዙ፤ ከወደቀ ጭንቅላትዎን ለቀዋል ማለት ነው።

አሁን እጅ። በሁለት ትከሻው ትሪ እንደተሸከመ አስተናጋጅ መዳፍዎን ወደ ጣሪያ ይዘርጉ፤ አውራ ጣት ከጆሮ አጠገብ፣ ክርን ወደ ላይ ይሁን፤ ወደ ጎን አይክፈቱት። በዚሁ አቋም እየተንከባለሉ ሁለቱም መዳፎች እኩል ፍራሹን እስኪነኩ ይደጋግሙ። ሰው የሚሰለቸው ይህን ነው፤ መዝለል የሌለበትም ይህንኑ ነው።

ሙሉውን ተዳፋት ላይ ይጀምሩ። ተዳፋት ፍራሽ ከሌለ ጠንካራ መርገጫ ላይ ወፍራም ፍራሽ ያጋድሙ። ጀርባዎን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥተው ተረከዝዎ አጠገብ ይቀመጡ፤ ጉልበትዎን ወደ ደረትዎ ሰብስበው ሳያቋርጡ ይንከባለሉ። መዳፍ ፍራሹን እንደነካ ክንድ እስኪዘረጋ አጥብቀው ይግፉ፤ በእግር መዳፍ ይረፉ።

በጉልበት ካረፉ የገፉት ዘግይተው ነው። በአንድ ትከሻ ካመለጡ አንዱ እጅ ሰንፏል፣ ወይም ጭንቅላት ዞሯል። መሐል ላይ ከቀሩ አይታገሉ፤ ወደ መቀመጫዎ ይመለሱ። ረዳት ካለ ዳሌዎን ይዞ ወደ ላይ ያንሣ እንጂ ከእግር በኩል አይግፋ። ትንንሽ ልጆች ደግሞ እጃቸው ከጭንቅላታቸው አንጻር አጭር ስለሆነ ተዳፋቱ ላይ ረዘም አድርገው ይቆዩ።

ተዳፋት በሌለው ፍራሽ ላይም ሲቀናዎት ከቁም ይጀምሩ። ቀጥሎ እግርን ወደ ጣሪያ ልኮ በእጅ መቆም ይመጣል፤ ለዚያ ግን አሠልጣኝ ከአጠገብዎ ይኑር።