ከሚሊ ሊትር እስከ ሜትር ኩብ፤ የፈሳሽ መለኪያዎች አለዋወጥ በእርዳታ ጣቢያ

በ1977 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዳው ሕዝብ በኮረምና በባቲ መጠለያዎች በአሥር ሺህ እየተቆጠረ በተሰበሰበ ጊዜ፣ ከእህሉ ቀጥሎ አስቸጋሪ ከነበሩት ጉዳዮች አንዱ የንጹሕ ውኃ አቅርቦት ነበር። በዚያው ዓመትና በተከታዩ 600 ሺህ ያህል ሰዎች በሠፈራው ፕሮግራም ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲወሰዱም ይኸው ችግር አብሯቸው ተጉዟል። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ከውኃው ማነስ ሌላ ስውር ጉዳት የሚያደርስ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የመለኪያ ስሕተት ነው። የጤና ረዳቱ የሚያስበው በሚሊ ሊትር፣ ውኃ አዳዩ በሊትር፣ መሐንዲሱ ደግሞ በሜትር ኩብ ነው። ሦስቱ ስለ አንድ ታንከር ውኃ እየተነጋገሩ በሺህ እጥፍ ሊራራቁ ይችላሉ።

የመለወጫው ሕግ አጭር ነው። 1,000 ሚሊ ሊትር አንድ ሊትር፣ 1,000 ሊትር ደግሞ አንድ ሜትር ኩብ ይሆናል። ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲወጣ ለ1,000 ይካፈላል፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲወርድ በ1,000 ይባዛል። ከሚሊ ሊትር ወደ ሜትር ኩብ በአንድ ጊዜ ለመሻገር ለ1 ሚሊዮን ማካፈል ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ዜሮ ሲደረደር መሳሳት ቀላል ስለሆነ በሊትር በኩል ማለፉ ይሻላል።

4,000 ሰዎች ያሉበት መጠለያ በምሳሌነት ይወሰድ። በአሁኑ ጊዜ በእርዳታ ሥራ ላይ የሚሠራበት የስፊር መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር እንዲደርሰው ይጠይቃል። 4,000 በ15 ሲባዛ 60,000 ሊትር፣ ማለትም 60 ሜትር ኩብ ይሆናል። 12,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ በቀን አምስት ጊዜ መመላለስ አለበት ማለት ነው። ውኃው የሚገኘው ከእጅ ፓምፕ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ የሚጀምረው ከጀሪካኑ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በ80 ሴኮንድ ከሞላ ፓምፑ በደቂቃ 15፣ በሰዓት 900 ሊትር ይሰጣል። በስምንት ሰዓት የሚቀዳው 7,200 ሊትር የሚበቃው ለ480 ሰዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ለአራቱ ሺህ ሰዎች ዘጠኝ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ያውም ሁሉም ሳይበላሹ ከዋሉ።

እንስራና ጣሳ በየቤቱ የተለያየ መጠን ስላላቸው በመዝገብ ላይ መለኪያ ሆነው ሊገቡ አይችሉም። ሆኖም ዕቃውን ባዶውን፣ ቀጥሎም ውኃ ሞልቶ በእህል መጋዘኑ ሚዛን መመዘን ይቻላል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን የሁለቱ ልዩነት ዕቃው የሚይዘውን ሊትር ያሳያል።

ይህ ዘዴ ለዘይት አይሠራም፤ ብዙ መዛነፍ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። የምግብ ዘይት ከውኃ ይቀላል፤ አንድ ሊትሩ 0.92 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የራሽኑ ሰነድ የሚጻፈው በግራም ሲሆን፣ እደላው ግን በጣሳ ይካሄዳል። ለአንድ ሰው በቀን 25 ግራም ከተመደበ የ30 ቀኑ 750 ግራም ይሆናል። ይህን በ750 ሚሊ ሊትር ጣሳ የሚሰፍር አዳይ ሳያውቀው ራሽን ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ትክክለኛው መጠን 750 ለ0.92 ተካፍሎ የሚገኘው 815 ሚሊ ሊትር ነው። በአንድ ሰው 65 ሚሊ ሊትር ኢምንት ይመስላል። በ1,000 ተረጂ ላይ ግን 65 ሊትር ዘይት ይጎድላል፤ መጋዘኑ ውስጥም በወሩ መጨረሻ ማንም ሊያስረዳው የማይችል ትርፍ ይገኛል።

በተቅማጥ ለተያዘ ሕፃን የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀው ፓኬት በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ የጨው መጠኑ በእጥፍ ስለሚጨምር ሕፃኑን ለአደጋ ያጋልጠዋል፤ በሁለት ሊትር ከተበጠበጠም የታሰበውን ያህል አይረዳም። እናቲቱ ዘንድ የሊትር መለኪያ አይኖርም። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ከተገኘ ሦስቱ 990 ሚሊ ሊትር ስለሚሆን ለዚህ ጉዳይ አንድ ሊትር ነው ሊባል ይችላል። «በአንድ ሊትር ውኃ» ብሎ ከመናገር ይልቅ ጠርሙሱን ይዞ ሦስት ጊዜ እየቀዱ ማሳየት ይበልጣል።

በክሎሪን አጠቃቀም ላይ ትንሹና ትልቁ መለኪያ በአንድ ሒሳብ ውስጥ ይገናኛሉ። አንድ በመቶ ክሎሪን ባለው ብጥብጥ ውስጥ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይይዛል። ውኃው ተመርምሮ ለአንድ ሊትር 2 ሚሊ ግራም እንደሚያስፈልገው ከታወቀ፣ ለባለ 20 ሊትር ጀሪካን 40 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 4 ሚሊ ሊትር ብጥብጥ ይበቃል። 10 ሜትር ኩብ ለሚይዝ ታንከር ግን 10,000 ሊትር በ2 ተባዝቶ 20,000 ሚሊ ግራም ስለሚሆን የሚጨመረው 2,000 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት ሊትር ነው። በዚህ ፈንታ 2 ሚሊ ሊትር ቢጨመር ታንከሩ እንዳልታከመ ይቆጠራል፤ ሕዝቡ ግን የታከመ ውኃ መስሎት ይጠጣል። በጥድፊያ በተጻፈ ትእዛዝ ላይ «ሚ.ሊ.» እና «ሊ.» በቀላሉ ስለሚምታቱ የመለኪያው ስም በሙሉ ፊደል ቢጻፍ፣ በሬዲዮ ሲተላለፍም ተቀባዩ ቁጥሩን ከነመለኪያው መልሶ ቢናገር ይመረጣል።

በታንከር ውስጥ የቀረውን ውኃ ለማወቅ ቀጥ ያለ እንጨት ይበቃል። የታችኛው ወለል ስፋት በሜትር ካሬ ከታወቀ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የስፋቱን አሥር እጥፍ ሊትር ይይዛል። ወርዱ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሜትር የሆነ ክብ ታንከር 3.14 ሜትር ካሬ ወለል ስላለው በአንድ ሴንቲ ሜትር 31.4 ሊትር ይኖረዋል። በጧት እደላው ከመጀመሩ በፊት 150፣ ማታ 40 ሴንቲ ሜትር ከተለካና በመካከሉ ውኃ ካልተጨመረ፣ የወጣው የ110 ሴንቲ ሜትር ውኃ 3,454 ሊትር ነው። ይህ ቁጥር በአዳዩ መዝገብ ላይ ከሰፈረው የጀሪካን ብዛት ጋር በየምሽቱ ይነጻጸራል።