ቄጠማን ከሣር፣ እንቦጭን ከአሜኬላ መለየት

በቀዳም ሥዑር ካህናት የኖኅን ርግብ ብሥራት እያሰቡ ለምእመናን ቄጠማ ያድላሉ፤ ምእመናንም በራሳቸው ያስሩታል። በየበዓላቱ በቤታችን የሚጎዘጎዘውም እርሱ ነው። ቄጠማ የሚበቅለው ውኃ በሚተኛበት መሬት ነውና፣ ርብና ጉማራ ወደ ጣና በሚፈሱበት በፎገራ ሜዳ ለሚገኙ አጥቢያዎች ረግረጉን መጠበቅ ከአገልግሎታቸው የማይለይ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ የሚጠበቀውንና የሚነቀለውን ሳይለዩ ለአረም ዘመቻ መውጣት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ስለዚህ ዋና ዋና መለያዎቹ እንደሚከተለው ቀርበዋል።

፩. የሣር ወገን፦ ሰርዶ፣ ሰንበሌጥ፣ ጤፍና ሩዝ ሁሉ ከዚህ ይመደባሉ። አገዳው ክብና ባለ አንጓ ነው፤ በአንጓና በአንጓ መካከል ብዙውን ጊዜ ክፍት ይሆናል። ቅጠሎቹ በሁለት ረድፍ ይወጣሉ።

፪. የቄጠማ ወገን፦ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም የዚሁ ነው። አገዳውን በጣቶች መካከል ቢያሽከረክሩት ሦስት ማዕዘን እንዳለው ይታወቃል። ውስጡ ድፍን ነው፤ ቅጠሎቹም በሦስት ረድፍ ይወጣሉ።

፫. ክብ አገዳ ያላቸው የረግረግ ተክሎች፦ አንጓ የሌለው፣ ውስጡ በነጭ ለስላሳ ነገር የተሞላ ክብ አገዳ ሲገኝ አበባውን መመልከት ይገባል፤ ከቄጠማ ዘመዶች መካከልም ክብ አገዳ ያላቸው አሉና። የሣርና የቄጠማ አበባ በቅርፊት ይሸፈናል፤ የዚህኛው ወገን አበባ ግን ስድስት ጥቃቅን ቅጠሎች አሉት። በጫፉ ቡናማ ዘንግ የሚያወጣው ፊላ ከሦስቱም የተለየ ነው።

፬. ሁለቱ ሐምራዊ አበቦች፦ እንቦጭና አሜኬላ ከሩቅ ሲታዩ ያሳስታሉ። አሜኬላ በመሬት ላይ የተተከለ፣ በየአንጓው እሾህ ያለው፣ ከብቶች የሚሸሹት የግጦሽ አረም ነው። እንቦጭ ግን በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ የቅጠሉ እጀታ እንደ ፊኛ ያበጠ ነው፤ ከአበባው ቅጠሎች በላይኛው ላይ ቢጫ ነጥብ ይታያል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም በጣና መስፋፋቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበቅል ሊቆይ ይችላል።

ከዚህ በመነሣት ሰበካ ጉባኤያት የሚከተሉትን ቢፈጽሙ መልካም ነው። ቄጠማ ከሥሩ ሳይነቀል ከመሬት በላይ ይታጨድ፤ ከፊሉም ለዘር ይተው። ከሐይቁ ዳር የመጣ እስር ከመጓጓዙ በፊት ይፈተሽ፤ አንዲት የእንቦጭ ቁራጭ ወደ አዲስ ኩሬ ብትገባ ትራባለችና። የተነቀለ እንቦጭ ከውኃ ርቆ ይድረቅ፤ አዲስ የታየበትም ቦታ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይነገር። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ከእያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ናሙና በወረቀት መካከል አድርቀው ቢያኖሩ፣ ለሚቀጥለው ዘመቻ ማስተማሪያ ይሆናል።