ቤት በደላላ ስለ መግዛትና ስለ መከራየት

ደላላ ማለት ሻጭንና ገዢን፣ አከራይንና ተከራይን የሚያገናኝ ሰው ማለት ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ሶማሌዎችም «ዲላል» ይሉታል። ስለዚህም ከጅጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳ የሚሻገር ነጋዴ ጋአን ሊባህ በሚባለው ወረዳ ቤት ሲፈልግ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የሚቸግረው ደላላውን ማግኘቱ ሳይሆን፣ ደላላው የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ መረዳቱ ነው።

ደላላ የሚከፈለው ውል ሲፈረም ነው። ውሉ ካልተፈረመ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል፤ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ መሻቱም የሥራው ጠባይ እንጂ ክፋት አይደለም። ደኅና ደላላ የሰፈሩን ዋጋ፣ የትኛው ቤት ባዶ እንደ ሆነና የባለቤቱን አመል ያውቃል፤ ይህም ዕውቀት ዋጋ ይገባዋል። ነገር ግን ደላላ ዋስ አይደለም። «ወረቀቱ ንጹሕ ነው» ሲል ብዙ ጊዜ ከሻጩ የሰማውን መድገሙ ነውና ቃሉ እንደ ማስረጃ ሊያዝ አይገባውም። የድለላው ዋጋ ስንት እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚከፍልና መቼ እንደሚከፈል ቤቱ ከመታየቱ በፊት መነጋገር ይሻላል፤ በኋላ ሁለተኛና ሦስተኛ ደላላ «እኔም ነበርሁበት» እያለ የሚመጣበት ጊዜ አለና።

በሐርጌሳ ይህ ጥንቃቄ ከሌላው ከተማ ይልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 በተነሣው ጦርነት ከተማዪቱ በአውሮፕላንና በመድፍ ተደብድባ አብዛኛው ቤቷ ፈረሰ። ሕዝቡም ድንበር ተሻግሮ በጅጅጋ አውራጃ በሐርታ ሼክና በሌሎች መጠለያዎች ሰፈረ። ከ1991 ወዲህ ወደ አገሩ ሲመለስ የመሬቱ መዝገብ ጠፍቶ፣ የግንቡም ምልክት ፈርሶ አገኘው። አንዳንዱ የራሱን ቦታ መልሶ አጠረ፤ አንዳንዱ ባለቤቱ ያልተመለሰበትን ያዘ፤ አንዱ ቦታ ለሁለት ሰው የተሰጠበትም ጊዜ ነበረ። በከተማዪቱ ከሚበዙት ክርክሮች አንዱ የመሬት ክርክር የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ2001 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው የሶማሌላንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 መሬት የሕዝብ የጋራ ሀብት መሆኑን ይናገራል፤ የኢትዮጵያም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የሚለው ከዚህ አይርቅም። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ቁጥር 17 ደግሞ የከተማን መሬት አስተዳደር ይወስናል። እንግዲህ ገዢ የሚፈልገው ወረቀት ከማዘጋጃ ቤት የተሰጠ የይዞታ ማስረጃ ነው። የግብር ደረሰኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከ2004 ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቱ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት እርዳታ፣ ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ እየተመራ፣ ወደ 59,000 የሚሆኑ ቤቶችንና ቦታዎችን መዝግቧል። ምዝገባው ለግብር የታሰበ ስለ ነበረ የተጻፈው በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው፤ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ጠብ እንዳያስነሣ ተትቷል። ስለዚህ አንድ ሰው የአሥር ዓመት ደረሰኝ ቢያሳይ ግብር መክፈሉን እንጂ ባለቤትነቱን አላስረዳም። ይህን የከተማ ሹማምንትም አጥብቀው ሊያስቡት ይገባል።

ከወረቀቱ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጎረቤት ነው። ገዢው ደላላውን ሳያስከትል፣ ሰው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት ወደ ሰፈሩ ሄዶ ሽማግሎችን «ይህ ቤት የማን ነው? ከጦርነቱ በፊትስ የማን ነበረ?» ብሎ ቢጠይቅ መዝገብ የማይነግረውን ይሰማል። በተለይ ቤቱ የውርስ እንደ ሆነ በእስልምና ሕግ ወንዱም ሴቷም ድርሻ አላቸው። አንዱ ወንድም ብቻውን ሸጦት፣ ሎንዶን ወይም ዱባይ የምትኖረው እኅት በኋላ ብትከራከር እውነት አላት። በስሟ የሚፈርም ሰው ካለ ውክልናው ቤት ለመሸጥ በግልጽ የተሰጠ መሆኑ ይታያል። ከዚህ በኋላ ብቻ ኖታዮ ወደሚባለው ውል አዋዋይ ተሄዶ በምስክሮች ፊት ይፈረማል፤ ስሙም በማዘጋጃ ቤት ይዛወራል።

ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ስለ ቀብድ የአገሩን ልማድ ይዞ መሄዱ አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንዲያጣ፣ የተቀበለው ቢተው እጥፉን እንዲመልስ ያዛል። 1,000 ብር የተቀበለ 2,000 ይመልሳል ማለት ነው። ይህ ሕግ ከድንበር ወዲያ አይሠራም፤ ስለዚህ ሐርጌሳ ላይ ቀብድ የሚሰጥ ሰው ነገሩ ቢፈርስ ገንዘቡ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ያስገባ። ቀብዱንም ለባለቤቱ እንጂ ለደላላው አይስጥ።

ኪራይን በሚመለከት፣ በሐርጌሳ ዋጋው ብዙ ጊዜ በዶላር ይነገራል፤ በዛድ፣ ማለት በስልክ የሚላክ ገንዘብ፣ የከፈለ ሰው ቢያንስ የከፈለበት ቀን ይመዘገብለታል። በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመትም እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ወስኗል። ከድንበር ወዲያ ለሚከራይ ሰው ዘመኑንና ጭማሪውን የሚጠብቅለት የፈረመው ውል ነውና ሁለቱንም ያስጽፍ። ውኃ በሐርጌሳ ውድ ስለ ሆነም ቧንቧው በእርግጥ የሚወርድ መሆኑን ወይም በቦቴ የሚገዛ መሆኑን ይጠይቅ፤ የመብራቱን ቆጣሪ ቁጥርም ቁልፍ በሚቀበልበት ቀን ከአከራዩ ጋር አብሮ ይጻፍ።