ስምና ምሳሌ፦ ልጆቻችን ቃልን እንዴት ይማራሉ?

አላህ (ሱ.ወ.) ለአባታችን አደም (ዐ.ሰ.) ስሞችን ሁሉ እንዳስተማረ በሱረቱል በቀራ 31ኛው አንቀጽ ተገልጿል። ይህ ታላቅ ጸጋ አፉን ገና በሚፈታው ሕፃን ላይ በየዕለቱ ይታያል።

“ኳስ” የሚለውን ስም የተማረ ሕፃን ብርቱካን ሲያይም “ኳስ!” ይላል። ወላጅ ይስቃል። ሕፃኑ ግን ዝም ብሎ አልቀባጠረም። ስም ለአንድ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ለመሰሎቹም እንደሚሆን ተረድቶ፣ መመሳሰሉን በቅርጽ መዝኗል።

በ1988 (እ.ኤ.አ.) ባርባራ ላንዳው፣ ሊንዳ ስሚዝና ሱዛን ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ይህንኑ ፈትነዋል። ለ2 እና ለ3 ዓመት ልጆች ከእንጨት የተሠራ እንግዳ ነገር አሳይተው “ዳክስ” ይባላል አሏቸው። ከዚያም በመጠን፣ በተሠሩበት ነገርና በቅርጽ የሚለያዩ ዕቃዎች አቀረቡላቸው። ልጆቹ ስሙን በአብዛኛው የሰጡት በቅርጽ ለሚመሳሰለው ነበር።

ውድ ወላጆች! ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ኳስ ቅርጽ አለው። ሐራም፣ ሶላት፣ አማና ግን በዓይን የሚለካ ቅርጽ የላቸውም። ልጁ የሚመዝናቸው እኛ በምናሳየው ምሳሌ ነው። “ሐራም” የምንለው ስንቆጣ ብቻ ከሆነ፣ ሐራም ማለት አባትን የሚያስቆጣ ነገር ነው ብሎ ቢይዝ ምን ይደንቃል? እንዲህ ከሆነ አባት በሌለበት ሐራምም የለም። የሚያየው ሶላት በጥድፊያ ጎንበስ ቀና ማለት ብቻ ከሆነም የሚቀርለት ቅርጹ ነው።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተዳደግ መልካም አርአያ ነው። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ የልጅ ልጃቸው ሐሰን (ረ.ዐ.) በሕፃንነቱ ከሶደቃ ተምር አንዷን ወደ አፉ ሲያስገባ እንድትወጣ አደረጉ። ነገር ግን በመከልከል ብቻ አላለፉትም፤ የእርሳቸው ቤተሰብ ሶደቃ እንደማይበላ ምክንያቱን ነገሩት።

እኛም እንዲሁ እናድርግ። ባለሱቁ ተሳስቶ የጨመረልንን ገንዘብ ስንመልስ፣ ጎረቤት ያስቀመጠችውን ዕቃ ስንጠብቅ፣ የሰው ምስጢር ስንሸሽግ፣ ልጃችን እየሰማ “ይህ አማና ነው” እንበል። ሦስቱ ነገሮች በመልክ አይገናኙም፤ ስማቸው ግን አንድ ነው። ልጁ ይህን ደጋግሞ ካየ፣ እኛ በሌለንበት ቦታ አራተኛውን ራሱ ይለየዋል፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።