ወዝ ይመለሳል፣ ለጋነት አይመለስም
ለሃያ ሁለትና ለቦሌ አካባቢ የጓሮ አትክልት አልሚዎችና ከብት አድላቢዎች የተሰጠ ምክር

በሃያ ሁለት ማዞሪያና በአካባቢው፣ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን አንሥቶ ወደ መገናኛ በሚዘልቀው ሰፈር፣ በፎቅና በፎቅ መካከል በተረፈች ቁራሽ መሬት ወይም በሰገነት ላይ በተደረደረ ጆንያና አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ጎመንና ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት የምታለሙ፣ በየግቢያችሁም በግና በሬ የምታደልቡ ወገኖች ሆይ፤ ገበያተኛው ከእጃችሁ የሚሻው ብዛትን ብቻ ሳይሆን ወዝንና ለጋነትን መሆኑን በየቀኑ የምታዩት ነውና፣ የእነዚህን የሁለቱን ባሕርያት ልዩነት ማወቅ ከዘር ምርጫም ሆነ ከማዳበሪያ ግዢ ሊቀድም ይገባዋል።

አበው ይህን ልዩነት በቋንቋቸው ውስጥ አኑረውልናል። ገና ያልበሰለውን ፍሬ ጮርቃ፣ ፍሬው ሞልቶ ያልደረቀውን እህል እሸት፣ አዲስ የፈነዳውን ጫፍ ቀንበጥ፣ ተንጦ ያልሰነበተውን ቅቤ ለጋ፣ ጠል የወረደበትን መስክ ለምለም ሲሉ፣ ውሃ ያጣውን ቅጠል ጠወለገ፣ ዕድሜ የገፋውን ደግሞ አረጀ፣ ቃጫ አወጣ ይላሉ እንጂ መጠውለግንና ማርጀትን አንድ አያደርጓቸውም። የጠወለገው ጥም ያገኘው ነው፤ ያረጀው ግን ዘመን ያለፈበት ነው፤ ጥምን ውሃ ይቆርጠዋል፣ ያለፈን ዘመን ግን የሚመልሰው የለም።

ከ100 እጅ 95 እጁ ገደማ ውሃ የሆነው የሰላጣ ቅጠል ጥርስ ሲነካው ቀጭ የሚለው፣ በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ሕዋሳቱ እያንዳንዳቸው እንደ ሞላ ስልቻ በውሃ ተወጥረው እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ ነው፤ ወዝ ማለትም ይህ ነው፤ ሥሩ ከሚስበው ይልቅ ፀሐይና ነፋስ ከቅጠሉ የሚያተኑት ሲበዛ ስልቻው ይጎድላል፣ ቅጠሉም ይልፈሰፈሳል። ለጋነት ግን የሕዋሱ ግድግዳ ቀጭንነት ነው፤ ተክሉ ሲያረጅ፣ ይልቁንም አበባ ለማውጣት ሲነሣ፣ ግንዱን የሚያቆምበትን እንጨትነት ያለውን ነገር በዚያ ግድግዳ ላይ ይለስናል። ይህን በእጃችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ፤ ከአንድ ጎመን ላይ አንድ ለጋና አንድ ያረጀ ቅጠል ቆርጣችሁ እስኪጠወልጉ ድረስ አቆዩአቸው፣ ከዚያም የአገዳቸውን ጫፍ ጥቂት ከርክማችሁ በቀዝቃዛና በንጹሕ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል አቁሟቸው፤ ሁለቱም ቀና ይላሉ፣ ሁለቱም ወዝ ያገኛሉ፣ ነገር ግን አገዳቸውን ስትሰብሩት የለጋው ቀጭ ብሎ ሲለያይ ያረጀው ክሩን እየጎተተ ይቀራል። ስለዚህ ባረጀ ጎመን ላይ ውሃ እየረጩ ለገበያ ማቅረብ ገዢውን ለአንድ ቀን ቢያታልል ሻጩን ደንበኛ ያሳጣዋል፤ የተረጨው ውሃ ከቅጠሉ ፊት ላይ የሚቀር ርጥበት እንጂ ወዝ አይደለም፣ ንጹሕ ካልሆነም የበሽታ መንገድ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ውሃን ሳያቋርጡ ማጠጣት ነው፤ ጥም ወዝን ብቻ ሳይሆን ለጋነትንም ይወስዳልና። የተጠማ ተክል ዘሩን ለማትረፍ ይጣደፋል፤ ሰላጣው ያለ ጊዜው አገዳ አውጥቶ ይመራል፣ ቅጠሉም ሳያድግ ይጠነክራል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት በዚህ ከተማ ውሃው በመጣ ቀን መደቡን አጥለቅልቆ እስከሚቀጥለው ፈረቃ መርሳት ልማድ ሆኗል፤ ይህ ግን ደርቆ የሰነበተው ቲማቲም በአንድ ጊዜ ጠጥቶ ቆዳው እንዲተረተር፣ ካሮቱ እንዲሰነጠቅ፣ ጥቅል ጎመኑም እንዲፈነዳ የሚያደርግ ክፉ ልማድ ነው። ከሮቶው ላይ ለአትክልቱ ድርሻ መድቡለት፤ መደቡን በየቀኑ ላይ ላዩን ከመርጨትም በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ እስከ ሥሩ እንዲሰርግ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። ጆንያና ጀሪካን ግን አፈራቸው ጥቂት ስለ ሆነ በበጋ በየቀኑ ሊጎበኙ ይገባል፤ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ በአፈሩ ውስጥ አግብታችሁ ደረቅ ሆኖ ካገኛችሁት የማጠጫው ጊዜ ደርሷል። ጥቁር መረሬ አፈር ያላችሁ ደግሞ፣ እርሱ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ሥር የሚበጥስ ነውና፣ የበሰበሰ ፍግ አብዝታችሁ ቀላቅሉበት፣ ፊቱንም በጉዝጓዝ ሸፍኑት። ለጉዝጓዝ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በበዓል ማግስት ከየቤቱ ተጠርጎ የሚጣለው ቄጤማ ከተማው በነጻ የሚሰጠን በረከት ስለ ሆነ፣ ከጎረቤቶቻችሁ ለምናችሁም ቢሆን ሰብስቡት።

ከተማውን አቋርጦ ወደ አቃቂ የሚወርደውን የቀበናን ወንዝ ውሃ ግን በምግብ አትክልት ላይ አታፍስሱ፤ ከየቤቱና ከየመንገዱ የሚወርድበት እድፍ ከቅጠሉ ጋር ወደ ማዕድ ይገባልና። ዩሪያ ማብዛትም ቅጠሉን ያፋፋዋል እንጂ አያጣፍጠውም፣ ክሽክሽንም ይጠራበታል።

ተክል ቀን ያጣውን ውሃ ሌሊት ፀሐይ በሌለበት ሲተካ ስለሚያድር፣ ወዙ የሚመላው ንጋት ላይ ነው፤ ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ቁረጡ፣ የቆረጣችሁትንም በጥላ ሥር አኑራችሁ በንጹሕና በርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ከሩቅ አገር በጭነት መኪና የሚመጣ ጎመን ወዙን በመንገድ ላይ እያፈሰሰ ሲደርስ፣ እናንተ ከመደባችሁ እስከ ደንበኛችሁ በር ያላችሁ የእግር መንገድ ብቻ ነው፤ ትልቁ ገበሬ በገንዘቡ ሊገዛው የማይችለውን ይህን ጸጋ እስከ ረፋድ ተኝቶ ማባከን ያሳዝናል። ከሐበሻ ጎመን የታችኛውን ቅጠል ልኩ ከእጅ መዳፍ ጥቂት ሲያልፍ በየሳምንቱ ልቀሙ፣ የመሐሉን ቡቃያ አትንኩ፤ የአበባው አገዳ ብቅ ካለ በኋላ ግን ያን ተክል ለዘር ተዉት እንጂ ከእርሱ ለጋ ቅጠል አትጠብቁ። እሸት በቆሎም በጥፍር ሲጫኑት ወተት የሚወጣው ሳለ ይሸለቀቅ፤ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ጣፋጭነቱ ወደ ዱቄትነት ይለወጣልና፣ በዚያው ቀን ከፍም ላይ ቢውል መልካም ነው።

በሥጋ ግን ዘመን የሚሠራው ሥራ ተገልብጦ ይገኛል። የታረደ በሬ ሥጋ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ልል ነው፣ የቁርጥ ወዳጆች ገና ሳይበርድ የሚሽቀዳደሙበትም ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይገተራል፣ በብርድ ክፍል ተሰቅሎ ጥቂት ቀናት ሲያድር ደግሞ ከራሱ በሚመነጭ ኃይል እንደገና ይለሰልሳል። ጭቅና ከወርች የሚለሰልሰውም በቁም ሳለ ብዙ የማይደክም ጡንቻ ስለ ሆነ ነው። አድላቢው በዚህ ያለው ድርሻ ትልቅ ነው፤ ሰንጋው ወይም ሙክቱ ተነድቶና ተደብድቦ፣ ተርቦና ተጠምቶ ለቢላዋ ከቀረበ፣ በጡንቻው ውስጥ ያለው ስንቅ አልቆ ሥጋው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል፤ ስለዚህ አንድ ሌሊት ውሃ እየጠጣ፣ ከሁከት ርቆ ይረፍ። የእንስሳት ሐኪም ሳይመረምረው የታረደ ሥጋ ግን ምንም ወዛም ቢሆን ጥሬውን አይበላ፤ የኮሶ ትል የሚመጣው ከዚያ ነው።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ሥጋ ቤቶች ለ55 ቀን ሲቀዘቅዙ የለጋ ጎመን ተራ ይደርሳል። ለዚያ የሚሆነውን የመጀመሪያውን መደብ በታኅሣሥ መጀመሪያ ዝሩ፤ የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ዕድገቱን ስለሚያዘገየው ወደ 10 ሳምንት ያህል አስቡለት፣ ችግኙንም ማታ ማታ በሣር አልብሱት። ሁለተኛውን መደብ በጥምቀት ሰሞን ዝሩ፤ የመጀመሪያው አበባ ለማውጣት ሲያጎነቁል ይህኛው ለመለቀም ይደርሳል።