ልጄ ሲውጥ ምላሱ ይወጣል፤ ብሬስ ይበቃዋል?

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ምራቁን ሲውጥ ምላሱ በፊት ጥርሶቹ መካከል ብቅ ይላል። ጥርሱን ገጥሞም የላይኛውና የታችኛው የፊት ጥርሶቹ አይገናኙም፤ «ሰ»ን ሲናገር ይኮላተፋል። ብሬስ ብቻ ይበቃዋል?

መልስ፦ ጨቅላ ሕፃናት ሁሉ ምላሳቸውን ወደ ፊት እየገፉ ነው የሚውጡት። አብዛኞቹ ልጆች የወተት ጥርሳቸውን መቀየር በሚጀምሩበት ዕድሜ ገደማ ይተዉታል። ልማዱ ከቀጠለ መጀመሪያ የሚፈለገው ምክንያቱ ነው፦ ጣት መጥባት፣ ያበጠ ቶንሲል፣ ወይም አፍንጫ ተዘግቶ በአፍ መተንፈስ። ስለዚህ በቅድሚያ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። አፍንጫው እንደታፈነ የምላስ ልምምድ ማዘዝ ትርፉ ድካም ነው።

ጥርስን በዋናነት የሚያንቀሳቅሰው ለአፍታ የሚቆየው የመዋጥ ግፊት ሳይሆን ምላስ ለሰዓታት የሚያርፍበት ቦታ ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያም ሥራውን የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የምላስ ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርሶች ኋላ ባለችው ጉብታ ላይ ያርፋል፤ የመንጋጋ ጥርሶች ይገጠማሉ፤ ከዚያ ጥቂት ውኃ ከንፈር ሳይጨማደድ ይዋጣል። ልጁ ይህን በየቀኑ መስታወት ፊት ቆሞ ለጥቂት ደቂቃ፣ ለወራት ይለማመዳል።

ብሬስ ጥርሱን ያስተካክልለታል፤ ምላሱ ካልታረመ ግን ክፍተቱ ሊመለስ ይችላል። የጥርስ ሐኪሙና የንግግር ባለሙያው ተነጋግረው ቢሠሩ ይመረጣል።

ልጁ ሲጠጣ ትን የሚለው፣ ምግብ የሚያንቀው፣ ወይም የሳንባ ምች የሚመላለስበት ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ልምምዱን ትተው ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይውሰዱት።