መርዙን ማወቅ ወንጀል ነውን?

ኦጎልቾ ላይ ከመስጂድ ስንወጣ አንድ አባት ያነሱልኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኬሚስትሪ ልማር ይላል። ነገ መርዝ ሠሪ ቢሆን ወንጀሉ ለእኔም አይተርፍም ወይ? ባይማረው አይሻልም?» ነበር ያሉት።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ሳይንስ በክፉ እጅ ሲገባ ምን እንደሚያደርስ ለመረዳት እኛ ኢትዮጵያውያን ምስክር አንሻም። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1935 እና በ1936 ከአውሮፕላን ያዘነበው የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳ ላጠ፣ ዓይን አሳወረ፣ ውኃ መረዘ። ያውም ኢጣልያ የመርዝ ጋዝ ለጦርነት እንዳይውል የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ከተቀበለች በኋላ ነው።

ታዲያ ዕውቀቱን እንሽሽ? ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ ዑሉሙዲን» መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት በራሱ እንደማይወገዝ፣ የሚወገዘው በሚያስከትለው ጉዳት እንደሆነ አስተምረዋል። ሕክምናንና ግብርናንም ከፈርድ ኪፋያ፣ ማለትም ከሕዝቡ መካከል የሚያውቀው ከጠፋ ሁሉም ከሚጠየቁበት ግዴታ፣ መድበዋቸዋል።

በአርሲ የስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨውን ቱ-ፎር-ዲ የተባለ የአረም መድኃኒት እንውሰድ። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በምስጢር ምርምር ሲካሄድበት የነበረ ነው። አሜሪካ ቬትናም ላይ የረጨችው «ኤጀንት ኦሬንጅ» ግማሹ እሱው ነበር። እጅግ የሚፈራው ዳዮክሲን የተባለው መርዝ ግን የመጣው ከሌላኛው ግማሽ ጋር ነው። ይህን ለይቶ የሚነግረን የተማረ ሰው ነው። ያልተማረ ወይ ሁሉንም ይፈራል፤ ወይ ምንም ሳይፈራ መድኃኒቱን በባዶ እጁ በጥብጦ፣ በነፋስ ረጭቶ፣ በባዶው ጄሪካን ውኃ ይቀዳበታል።

ይህ ሲባል ግን ዕውቀት ሁሉ ይፈለጋል ማለት አይደለም። ሱረቱል በቀራ፣ አንቀጽ 102፣ የሚጎዳቸውን እንጂ የማይጠቅማቸውን ስለተማሩ ሰዎች ይነግረናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከማይጠቅም ዕውቀት በአላህ ይጠበቁ ነበር። መርዝ እንዴት እንደሚጎዳና እንዴት እንደሚታከም ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ለመፍጀት መራቀቅ ሌላ። ድንበሩ ሁልጊዜ ጎልቶ ስለማይታይ፣ ተማሪው ኒያውን መፈተሽ፣ ሥራው በማን እጅ እንደሚገባ መጠየቅ፣ እምቢ ማለት በሚገባው ዕለትም እምቢ ማለት ይኖርበታል።

እንግዲህ ለአባታችን መልሴ ይህ ነው፦ ልጅዎን ይላኩት፤ ከኬሚስትሪው ጋር ግን የአላህን ፍራቻ ያስይዙት። ተመልሶ አንድ ጎረቤቱን ከዚያ ጄሪካን ውኃ ቢያድን፣ አጅሩ ለእርስዎም ይተርፋል፣ ኢንሻአላህ። ወላሁ አዕለም።